ምናልባት ዛሬ ትተርፍ ይሆናል

ደሴ ሰኞ ገበያ ላደገ የእኔ ዕድሜ ሰው ቪዲዮ ቤት ምን እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም። ልጆቼ ግን ብነግራቸውም አይገባቸውም። በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል፣ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ መስኮት፣ የተደረደሩ አግዳሚዎች፣ ከፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። ከደጅ በተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ፊልሞች በጠመኔ ይጻፋሉ፤ ስምንት ሰዓት የህንድ፣ አሥር ሰዓት ካራቴ።

ሴት ልጅ እዚያ አትገባም ነበር። እኔ የገባሁት በገበያ ቀን ምክንያት ነው። እማዬ ሰኞ ሰኞ ገበያ ትውላለች። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ እኔን ብቻዬን ቤት ጥሎ እንዳይወጣ ታዟል። ስለዚህ ይዞኝ ይሄዳል። ከበሩ ሲደርስ "ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ለእማዬም እንዳትናገሪ" ይለኛል። ሁለቱንም ቃል እገባለሁ፤ የመጀመሪያውን ብቻ እጠብቃለሁ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከነዚያ ሰኞዎች በአንዱ ያየነው ፊልም ሕይወታችንን ሙሉ ተከተለን። "ፖሲዶን አድቬንቸር" ይባላል፤ የተሠራው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። የካሴቱ ቀለም ከመደብዘዙ የተነሳ ባሕሩ ቡናማ ይመስላል። አንዲት ትልቅ የመንገደኞች መርከብ በዘመን መለወጫ ሌሊት በማዕበል ተመትታ ትገለበጣለች። ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ይሆናል። ጥቂት ሰዎች በገና ዛፍ ላይ ተንጠላጥለው ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ መርከቧ ሆድ፣ መውጣት ይጀምራሉ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ይተረጉምልን ነበር። እንግሊዝኛ ያውቅ ይሁን አይወቅ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። "ቄሱ ምን አለ መሰላችሁ? እዚህ የቀረ አለቀለት፣ የሚከተለኝ ይነሳ አለ!" ቄስ የተባለው ጂን ሃክማን ነው። ቆብ የለው፣ መስቀል የለው፤ አንድ ሽማግሌ "ይሄማ ቄስ አይደለም" ብለው ሲከራከሩ አስታውሳለሁ። የመርከቧ ኃላፊ ደግሞ "ተረጋጉ፣ እርዳታ ይመጣል፣ ባላችሁበት ቆዩ" ይላል። አብዛኛው ሰው ኃላፊውን አምኖ ይቀራል። ወዲያው ውሃው ገብቶ ይውጣቸዋል። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ "ብለናችኋል!" ብሎ ጮኸ።

ከሁሉ ያሳዘነችን ግን ቤል የምትባለው ወፍራም ሴትዮ ናት፤ የልጅ ልጇን ልታይ ወደ እስራኤል እየሄደች ያለች አያት። ስትወጣ ታለከልካለች፣ ይገፏታል፣ ይጎትቷታል፣ ሸክም የሆነች ይመስላል። መጨረሻ ላይ ቄሱ ውሃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ዘላ የምትገባው እሷ ናት። ልጅ ሳለች የውሃ ውስጥ ዋና ሻምፒዮን ነበረች። ታወጣዋለች፣ ታሻግረዋለች፣ ከዚያ ልቧ ይቆማል። ሰኞ ገበያ ውስጥ ያን ያህል ወንድ በአንድ ክፍል ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ማታ ቃሌን አፈረስኩና ለእማዬ ተናገርኩ። ጋሼ ዱላ ሲጠብቅ እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ማዕበሉን ምን አመጣው?"

"የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ባሕር ውስጥ" አለ ጋሼ እየፈራ።

እማዬ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኳን የሰማሁት በዚያ ምሽት ነው።

እማዬ የተወለደችው ከካራ ቆሬ ብዙ በማይርቅ ገጠር ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ። በ1953 ዓ.ም በግንቦት ማለቂያ አካባቢውን ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ማጀቴ ከተማ ወደመች፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። እማዬ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ዋናው ከመድረሱ በፊት ለቀናት መሬቱ ሲርገበገብ ነበር። ጎረቤት "ያልፋል" ሲል እናቷ ግን ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ማደር ጀመረች። ሰው ሳቀባት። ከዚያ አንድ ሌሊት መሬቱ እንደ ወንፊት ተነፋ፤ ጎጇቸው ባዶዋን ተደረመሰች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስነገርናት አልቆጠርኩም። መብራት ሲጠፋ፣ ቡና ሲፈላ፣ ክረምት ሲመጣ "እማዬ፣ የካራ ቆሬውን" እንላለን። ታሪኩ በየጊዜው ትንሽ ይለወጣል። አንድ ጊዜ ሁለት የነበሩት ፍየሎች በሌላ ጊዜ አምስት ይሆናሉ። እኛ ግን የምንጠብቃት ቦታ አለችን፦ አያታችን ቁርበቷን ተሸክማ ከጎጆው ስትወጣ። እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝም እንላለን።

ጋሼ በበኩሉ የአደጋ ፊልም ወዳጅ ሆኖ ቀረ። "ፖሲዶን"ን ያሠራው ኧርዊን አለን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ "ታወሪንግ ኢንፈርኖ"ን አስከተለ። በርካሽ የኤሌክትሪክ ገመድ ምክንያት 138 ፎቅ ያለው ሕንፃ ይቃጠላል፤ ስቲቭ ማክዊንና ፖል ኒውማን አብረው ይጫወቱበታል። ጋሼ እሱንም ፈልጎ አገኘው። በ1990 ዓ.ም "ታይታኒክ" መጣ፤ ከዚያ በኋላማ የአደጋ ፊልም መውደድ የጋሼ የብቻ በሽታ መሆኑ ቀረ። የጃክና የሮዝ ፎቶ ያልተለጠፈበት ፀጉር ቤት አልነበረም። መርከቧ እንደምትሰምጥ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ሰልፉ አይቀንስም።

ይህ ደግሞ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. በሰመጠች በአንድ ወሩ ውስጥ ስለ እሷ የተሠራ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ታይቷል፤ መሪ ተዋናይዋም ራሷ ከመርከቧ የተረፈችው ዶሮቲ ጊብሰን ነበረች። ሰው ከሞት አምልጦ ልብሱ ሳይደርቅ ታሪኩን ደግሞ ሊጫወተው ይነሳል። በ1958 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ሠሩት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ጄምስ ካሜሩን ሠራው።

የ"ፖሲዶን"ም ተራ ደረሰ። ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በ2006 እ.ኤ.አ. እንደገና ሠራው። ጋሼ ሲዲውን ከኮምቦልቻ ገዝቶ ሐረጎን ሲወጣ በጉያው ታቅፎት እንደነበር ነግሮኛል። አብረን አየነው። መርከቧ ታምራለች፣ ውሃው እውነተኛ ውሃ ይመስላል፣ የልዩ ትዕይንት ሥራው ለኦስካር ታጭቷል። ግን ሰዎቹ ሁሉ ተቀይረዋል። ቄሱ የለም። ቤል የለችም። ማዕበሉንም የመሬት መንቀጥቀጥ አላመጣውም፤ ከባሕሩ መሐል ድንገት ተነስቶ ይመጣል። ጋሼ ሲዲውን ወደ ማኅደሩ እየመለሰ "ውሃውን አሳመሩት፣ አሮጊቷን አስቀሯት" አለ። ለዓመታት ሁለታችንም በድጋሚ የተሠራ ፊልም ሲነሳ ይህችን እየጠቀስን እንስቅ ነበር።

ከዚያ 2014 ዓ.ም መጣ። ጥቅምት ነበር፤ ጦርነቱ ወደ ደሴ እየቀረበ ነው። ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ሞልቷታል፤ ሌሊት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ቤተሰቡ እማዬ ቤት ተሰብስቦ ይመክራል። የአደጋ ፊልም ሲያይ ያደገው ጋሼ፣ ሁልጊዜ "እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር" የሚለው ጋሼ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተረጋጉ። አንድ ነገር ይደረጋል። ባለንበት እንቆይ።" የመርከቧ ኃላፊ የተናገረውን ነበር የተናገረው። ያኔ ግን ፊልሙ ማንኛችንንም ትዝ አላለንም። እኔም ከእሱ ጋር ነበርኩ። ቤት፣ ዕቃ፣ የልጆች ትምህርት፤ እንዴት ተትቶ ይወጣል?

የተነሳችው እማዬ ናት። ሰባ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ይታመማል። ለካስ በሶውን አስጭና፣ ጋቢዋን አጣጥፋ፣ የቤቱን ካርታ ደረቷ ውስጥ ከትታ ጨርሳለች። "ጣሪያው እስኪወድቅ ነው የምትጠብቁት?" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። በማግስቱ በአይሱዙ ላይ ተጭነን በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን። ካራ ቆሬ ስንደርስ ከጫፍ ከጫፍ ተጨናንቀን በተቀመጥንበት እማዬ በእጇ ወደ ተራራው አመለከተች። ልጄ "ምንድን ነው እማማ?" ስትላት "ቤታችን ነበር" አለቻት። ያን ጊዜ ታሪኩን አልተናገረችም።

አንድ ነገር በሐቅ መናገር አለብኝ። በፊልሙ ላይ የቀሩት ሁሉ ያልቃሉ፤ ተመልካችም የተነሱት ትክክል እንደነበሩ ያውቃል። በእኛ ሰፈር እንዲያ አልሆነም። ከቀሩት የተረፉ አሉ፣ ያለቁም አሉ። ከወጡትም መንገድ የበላቸው አሉ። ማንም ሰው በሚወስንበት ሰዓት ትክክል መሆኑን አያውቅም። እማዬም አታውቅም ነበር።

ኅዳር ሲያልቅ ከተማዋ ተለቀቀችና ተመለስን። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ ድስቱ እንኳ የለም። የጋሼ የድሮ ካሴቶች ግን ግቢው ውስጥ ተበትነው አገኘናቸው። ማንም አልፈለጋቸውም። ጋሼ አንድ በአንድ እየጠረገ በካርቶን ከተታቸውና ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ አንድም የአደጋ ፊልም አላየም። "ትዊስተር" የተባለው የዐውሎ ነፋስ ፊልም ተከታዩ ወጣ ብዬ ስነግረው "ይቅርብኝ፣ ጩኸቱን አልችለውም" አለኝ። አልገፋሁትም። ፊልሙን አስደሳች የሚያደርገው እኛ ደረቅ ቦታ መቀመጣችን ነው፤ እሱ ያኔ ገና ደረቅ ቦታ አልደረሰም ነበር።

በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ ከአፋርና ከኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ። ንዝረቱ አዲስ አበባም ይሰማ ነበር። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ አንድ ሌሊት ደወለች። "እማማን ስጪኝ" አለች፤ እኔን አይደለም። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የካራ ቆሬውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረችላት። ግን ለውጣዋለች። ሜዳ ላይ የማደሩን ነገር አሳጠረችው፤ በምትኩ አያታችን ለልጆቿ ነገሩን በረጋ ድምፅ እንደነገረቻቸው፣ እንዳላስደነገጠቻቸው ጨመረች። ይህን ክፍል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ልጄ ፎቅ ላይ ናት፣ ሜዳ የላትም፤ የሚያስፈልጋት ድምፁ ነበር። በአዲስ መልክ ስለሚሠሩ ፊልሞች ከጋሼ ጋር ለዓመታት ስንስቅ፣ እቤታችን ውስጥ አንድ ታሪክ በየጊዜው በአዲስ መልክ ሲሠራ እንደኖረ ልብ ያልኩት በዚያ ሌሊት ነው። መጥፎ የሚሆነው አሮጊቷ ስትቀር ብቻ ነው።

ባለፈው ጳጉሜን ለበዓል ተሰብስበን ሳለ ጋሼ በፍላሽ አንድ ፊልም ይዞ መጣ። ምንም ሳይናገር ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። የ1972ቱ "ፖሲዶን" ነው። ቀለሙ ጠርቷል፤ ባሕሩ ለካ ሰማያዊ ኖሯል። ለቡና የመጡት ጎረቤታችን ሐጂያም አብረውን ተቀመጡ። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ መርከቧን ሲያይ "ይሄ እኮ አሻንጉሊት ነው!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ሞዴል ናት። ሰዎቹ ዛፉን መውጣት ሲጀምሩ ግን ሳቁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳያነሳ "እኛ ቤት መውጫው ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በማግስቱ አብረን ቆጠርን፤ ሁለት ነው፣ አንዱን የከሰል ጆንያ ዘግቶት ነበር። አነሳነው።

ቤል ልትዘል ስትዘጋጅ ጋሼ ወደ ፊት ተጠጋ። እንደ ቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ለእማዬ ይተረጉምላት ጀመር። "ልጅ ሳለሁ ዋና እችል ነበር ነው የምትለው።"

"ታዲያ ትግባ እንጂ" አለች እማዬ።

ልጄ ወደ አጎቱ ዞሮ "ስንት ጊዜ አይተኸዋል? እንደምትሞት እያወቅህ ለምን ታያለህ?" አለው።

ጋሼ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳያነሳ "ምናልባት ዛሬ ትተርፍ እንደሆነ ብዬ ነዋ" አለ።

እማዬ ሳቀች፤ ሐጂያም "ኢንሻአላህ" አሉ። ቤል ውሃው ውስጥ ገባች፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።