ምርታማነት በማን ሒሳብ?

ስለ ፋብሪካዎቻችን በተነሳ ቁጥር «የሠራተኛው ምርታማነት ዝቅተኛ ነው» የሚለው አባባል እንደ መዝሙር አዝማች ይደጋገማል። ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ ለዓመታት ሳስተምር የኖርሁ በመሆኔ ጥቂት ልበል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፋብሪካው በዓመት የጨመረው እሴት በብር ተሰልቶ ለሠራተኞቹ ቁጥር ይካፈላል። ረቀቅ ያለ የሚሻ ማይክል ፋረል በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን መንገድ ይከተላል። በዚህ መንገድ ከእኩል ግብዓት ብልጫ ያለው ምርት የሚያወጡት ፋብሪካዎች እንደ ድንበር ይወሰዱና የሌሎቹ ርቀት «የቅልጥፍና ጉድለት» ይባላል።

መብራት ሲጠፋስ? ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ከማሽኑ ፊት ተቀምጠው አይቻለሁ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ተብሎ ተመዘገበ፤ ሸሚዝ ግን አልተሰፋም። በውጭ ምንዛሪ እጦት ክርና ቁልፍ ሲጠፋም እንዲሁ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ፋብሪካዎች ሲያጠና፣ በሙሉ አቅም ያልሠሩበትን ምክንያት ጠይቆ በሠንጠረዥ ያወጣል። እኛ ምሁራን ግን ሠንጠረዡን አልፈን ጨለማውን በልብስ ሰፊዋ ስም እናስመዘግበዋለን!

ተቃራኒውም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚሸጥ ፋብሪካ የዋጋው ለውጥ ካልተነሳለት፣ አንዲት ስፌት ሳይጨምር በወረቀት ላይ ምርታማ ሆነ።

ነገሩ የመምህራን ክርክር ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ይጨመር ሲባል መልሱ «መጀመሪያ ምርታማነት» ነው። ሆኖም ያው ዘገባ ሠራተኛው በብዛት ከመልቀቁ የተነሳ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ሠራተኛቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ መተካት እንደነበረባቸው ይናገራል። ገና መርፌ የሚለምድ እጅ ምን ያህል ይፈጥናል? ዝቅተኛ ደመወዝ የዝቅተኛ ምርታማነት ውጤት ብቻ ሳይሆን ምክንያትም ነው፤ ይህን አዙሪት ግን የእኛ ቀመር አያየውም።

አንድ የማስተርስ ተማሪዬ አሁን መብራት የጠፋባቸውን ሰዓታት ከየፋብሪካው የጄኔሬተር መዝገብ እየለቀመ ነው። ሁለት ፋብሪካዎች መዝገባቸውን ሰጥተውታል፤ ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ብሎታል።