ክንፉን አይታችሁ ንገሩኝ



ከነጌሌ ቦረና፣ ከያቤሎና ከሞያሌ የመጣን ተማሪዎች በበልግ ወደ ቤት ስንደውል የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ዝናቡ ገባ? ሣሩ በቀለ? ተምች ታየ? ሦስተኛውን የዶርም ጓደኞቻችን አይረዱልንም።

ተምች ትል ከመሆኑ በፊት የእሳት እራት ነው። ነፋስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይወስደዋል፤ ዝናብ ያዘለ ነፋስ ሲሰበስበው አንድ ቦታ ይወርዳል። ከዒሻእ ሶላት በኋላ በመስጂዱ አምፖል ሥር ሲርመሰመስ ያየ ሰው ሱረቱል ቃሪዓ ስለተበተኑት የእሳት እራቶች የምትለውን በደንብ ይገባዋል።

ባለፈው እረፍት አንድ ከብት አርቢ አዛውንት በወረቀት የጠቀለሉትን ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ ተምራችኋል አይደል? ክንፉን አይታችሁ ንገሩኝ። ጥጆቹን ላንሳ ወይስ ልቆይ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነባሩ የአፍሪካ ተምች ሣርና የእህል ሰብል ይጨርሳል፤ ባቄላን አይነካም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ግን ከሁሉ በላይ የሚወደው በቆሎ ነው። አንዱ ግጦሹን፣ ሌላው ማሳውን ይፈልጋል።

ሁለቱም ክንፋቸው ተዘርግቶ ከ4 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የመጤው ወንድ የፊት ክንፉ ጫፍ አጠገብ ጉልህ ነጭ ምልክት አለው። ነባሩ ደብዛዛ ቡናማ ነው፤ ነጣ ባለው የኋላ ክንፉ ላይ ግን ጥቋቁር ሥሮች ይታያሉ። ሴቶቹ ያስቸግራሉ። የሴቷን ሽታ ይዞ ወንዶቹን የሚስበው ወጥመድም ሌሎች ዝርያዎችን ስለሚይዝ ቆጥሮ ማስተላለፍ ብቻ አይበቃም። ክንፉን በጣት መንካትም አይገባም፤ ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ሲራገፍ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። (ከነጭ ሳር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1990 በተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ መሰየሙን ያስታውሷል። ክንፍ ብዙ ይናገራል።)

የአዛውንቱን ሦስት እራቶች በነጭ ወረቀት ላይ በስንጥር ዘረጋናቸው። ጫፋቸው ላይ ነጭ የለም፤ የኋላ ክንፋቸው ሥሩ ጠቁሯል። «ነባሩ ነው፣ አባባ» አልናቸው። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፤ ትሉ አብዛኛውን ሣር የሚበላው ሊያበቃ ሲል በመሆኑ ጊዜ ነበራቸው። ለቀበሌው የልማት ሠራተኛም ነገርን።

አዛውንቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ ጥጆቹን ወደ ዳዋ ወንዝ አቅጣጫ ነዱ።