የደከመው ዓይን ነው ወይስ መስታወቱ?

ከነጌሌ ቦረና ወደ ፊልቱ የሚሄድ መኪና ከፈጅር ሶላት በኋላ ሲነሳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ከዐስር በኋላ ሲመለስ ደግሞ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ስለዚህ የምትወጣዋንም የምትጠልቀዋንም ፀሐይ ፊት ለፊት መጋፈጡ አይቀርም። ቆላችን ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሥራቅ ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፤ ከመግሪብ በኋላም ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ከብቱና ግመሉ ከግጦሽና ከውሃ ሲመለስ መንገዱን የሚያቋርጠው በዚሁ ሰዓት ነው።

በመምህርነታችን ምክንያት በእነዚህ ከተሞች መካከል ስንመላለስ አንድ ነገር ታዝበናል። ሰው ሁሉ የሚያማርረው ቀዩን አቧራ ነው። አቧራ ግን ይታያል፤ ስለሚታይም ይጠረጋል። ሾፌርን የሚያሳውረው አቧራው ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው፣ በጥላ ሲያዩት የሌለ የሚመስለው ስስ ሽፋን ነው። ዝቅ ያለች ፀሐይ ስትመታው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነውና የፊት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ3 ሴኮንድ ውስጥ 50 ሜትር ይሄዳል። በእነዚያ 3 ሴኮንዶች ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የአቧራ መልክ ያለው ግመል ወይም ከብት የሚነዳ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ግመል ደግሞ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሲገጭ ከባዱ አካሉ የሚወድቀው በኮፈኑና በመስታወቱ ላይ፣ ማለትም በጋቢና በተቀመጡት ላይ ነው።

አንድ ጊዜ በጋቢና አብረናቸው የተጓዝን በዕድሜ የገፉ ሾፌር፣ «ኡስታዝ፣ ዓይኔ ደከመ መሰለኝ። ማታ ከፊቴ የሚመጣው መብራት እንደ ጭጋግ ይሰፋብኛል» አሉን። ለሶላት በቆምንበት ቦታ፣ «ሐጂ፣ እስኪ ይፍቀዱልን» ብለን የመስታወቱን የውስጥ ገጽ በጣታችን ብንነካው ጣታችን ያለፈበት መስመር ጎልቶ ታየ። በእርሳቸው በኩል ያለውን ግማሽ በጥቂት አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን፣ የእኛን ግማሽ እንደነበረ ተውነው። ከመሸ በኋላ ሁለቱን ወገን እያፈራረቁ ተመለከቱና፣ «ለካስ የደከመው መስታወቱ ኖሯል!» አሉ። መስታወት ጠርቶም ጭጋጉ የማይለቀው ሰው ግን ዓይኑን መታየት አለበት።

ለመሆኑ ይህ ሽፋን ከየት ይመጣል? የውስጡ በአብዛኛው ከራሱ ከመኪናው ነው። በቆላ ፀሐይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ሲግል የዳሽቦርዱ ፕላስቲክና የመቀመጫው ልባስ የማይታይ ተን ያወጣሉ፤ ተኑም መስታወቱ ላይ ያርፋል። የሲጋራ ጭስና ትንፋሽ ይጨመሩበታል። ዳሽቦርዱን ለማሳመር የሚቀባው ቅባት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። የውጪው የናፍታ ጥቀርሻ፣ የዛፍ ሙጫና ዝናብ ሲጥል በሌሊት የሚፈላው ነፍሳት ቅሪት ነው።

ከሁሉም ግትር የሆነው ግን ከውሃችን የሚመጣው ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። ጠብታው በፀሐይ ሲደርቅ ውሃው ተንኖ ማዕድኑ ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። ሻይ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ይኸው ነው። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን ከዚህ ቅርፊት ቆርሰን አቼቶ ስናንጠባጥብበት አረፋ እያወጣ ሲሟሟ አይተዋል። ሳሙና የማይነካውን አሲድ ያሟሟዋል ማለት ነው።

አጸዳዱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ መኪናውን ጥላ ውስጥ ማቆምና መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያሻል። የጋለና ትንሽ ስንጥቅ ያለበት መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲፈስበት ስንጥቁ ሊረዝም ይችላል። ቀጥሎ አቧራውን በውሃ ማውረድ እንጂ በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ አይገባም። አሸዋ መስታወት ይጭራል፤ ጭረት ደግሞ በምንም አይታጠብም። በደረቅ አቧራ ላይ የዝናብ መጥረጊያን ማስነሳትም ያው ነው። የደረቁ ነፍሳትን እርጥብ ጨርቅ አልብሶ 10 ደቂቃ ማቆየት ያለሰልሳቸዋል። ከዚያ በሳሙና ውሃ አጥቦ ማለቅለቅ ነው።

ነጩ ክብ ካልለቀቀ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ መቀባት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማሸትና በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይተካዋል። ቀለሙ ላይ እንዳይቆይ ይጠንቀቁ። አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። እናቶችም ይህን ለቤት ጽዳት ያስታውሱት። የውስጡን ገጽ አልኮል በነካው ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። አንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ አያነሳውም። የመጥረጊያው ጎማም መጽዳት አለበት፤ ፀሐይ አድርቆት ከተሰነጠቀ መለወጥ ነው።

በየመናኸሪያው የሚታየው በናፍታ ወይም በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ መወልወል ግን ለጊዜው ያበራል እንጂ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ብዙዎች በአሮጌ ጋዜጣ ይጠርጋሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ወረቀቱን አስቀድሞ ያንብበው። የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ያለበት ወረቀት፣ ይህችን መጽሔት ጨምሮ፣ የመስታወት መጥረጊያ አይሆንም።

ስለ ውሃውም አንድ ቃል እንበል። በዱብሉቅና በዋጪሌ የቱላ ኤላዎች ጎልማሶች ተደራርበው ቆመው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ከጥልቁ ያወጡታል። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የቦረናን ከብት የፈጀውን ድርቅ ያየ ሰው መኪናውን በበርሜል ውሃ ለማጠብ አይዳዳውም። መስታወት ግን 2 ሊትር ውሃ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ይበቃዋል። በትንሽ ውሃ ዉዱእ ማድረግ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። እጣቢውንም ከኤላና ከኩሬ ማራቅ ይገባል።

መኪና በማጠብ ሐላል እንጀራቸውን ለሚያገኙ ወጣት ወንድሞቻችን ምክራችን አጭር ነው። ጎማ ያጠበው ጨርቅ መስታወት አይንካ። ለመስታወት ብቻ የሚሆኑ ሁለት ጨርቆችን ለይታችሁ ያዙ። ደንበኛው ባያዝዛችሁም የውስጡን ገጽ ጥረጉለት። ለሾፌሮችና ለአባወራዎች ደግሞ ይህን ፈተና እንተዋለን። በታጠበው መስታወት ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ። ውሃው እንደ አንድ ገበታ ተዘርግቶ ከወረደ ጠርቷል፤ ሰም ሳይቀባ እየተቆራረጠ ጠብታ ከሠራ ሽፋኑ ገና አለ፤ ሥራውን ድገሙት። ልጆችን አሳፍሮ ፀሐይን ፊት ለፊት ለሚጋፈጥ ሰው ይህ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ያን ያህል ጊዜ የለኝም የሚል ቢኖር በመንገዱ ላይ የሚጠብቀውን እረኛ ልጅ ያስብ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።