ዝም ያለው ፍሪጅ

መቼም ከዕረፍት ያለ ገጠመኝ የሚመለስ ተማሪ የለም። የእኔን ላውጋችሁ።

ባለፈው የካቲት ለሴሚስተር ዕረፍት ጋምቤላ በገባሁ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ታላቅ እህቴ ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። «ኮምፒውተር እችላለሁ ትል የለ? ቶሎ ና!» የምትሠራው በአንድ ጤና ተቋም የክትባት ክፍል ነው።

ለካ ዓርብ ማታ አንድ ሰው ሞባይሉን ቻርጅ ሊያደርግ የክትባቱን ፍሪጅ ነቅሎ ረስቶት ሄዷል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የጋምቤላን የየካቲት ሙቀት ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በፖሊዮ ጠብታው ጠርሙሶች ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ጠቁሮ ስለተገኘ ተጣሉ። ባሮን ተሻግረው ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች «ሌላ ቀን ኑ» ተባሉ።

የሚገርመው፣ ሙቀቱ ሲጨምር ለእህቴ ኢሜይል የሚልክ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ፍሪጁ ላይ ነበረ። ታዲያ ለምን አልደረሳትም? ኢንተርኔቱን አየን፤ ይሠራል። የሰርቨሩም ስም ትክክል ነው። የመሣሪያውን መዝገብ ስንከፍት ግን ከላይ እስከ ታች 530 የሚል ቁጥር ተደርድሯል።

ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የኢሜይል መላላኪያ ደንብ፣ ሰርቨር የሚመልሰው ቁጥር በ2 ከጀመረ «እሺ»፣ በ4 ከጀመረ «ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 ከጀመረ «አልቀበልም» ማለት ነው። 530 ደግሞ «መጀመሪያ ማንነትህን አስታውቅ» ነው። የኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር ቀድሞ ደንበኛው ስለሆነ ብቻ በፖርት 25 ያለ ፓስወርድ ይቀበለው ነበር፤ በኋላ ፓስወርድ መጠየቅ ጀምሯል። የመጀመሪያው 530 የተመዘገበው በኅዳር ነው። ፖርቱን ወደ 587 ቀይረን ስምና ፓስወርድ ስናስገባ የሙከራው ኢሜይል ወዲያው ደረሰ።

እህቴ ስክሪኑን እያየች «ሦስት ወር ሙሉ ዝም ሲል፣ እኔ ደህና ነው ብዬ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። መሣሪያው ግን ተናግሯል፤ በሩ ተዘግቶበት ነው እንጂ። መምህራችን «ምንጭህ ካልደወለልህ አንተ ደውል» ሲሉን ለፈተና ብቻ ይመስለኝ ነበር። «አልሰማሁም» እና «ምንም የለም» ለካ አንድ አይደሉም።

አሁን እህቴ ሰኞ ሰኞ የሙከራ ኢሜይል ታስልካለች። ካልደረሳት፣ ዜናው እሱ ነው።

ከእናቶቹ ብዙዎቹ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። አንዷ ግን እኔ ወደ ትምህርቴ እስክመለስ ድረስ አልመጣችም።