ቁጥር የተጻፈባቸው ድንጋዮች

ጃፓን በባሕር የተከበበች አገር ናት። ከደሴቶቿ አንዷ ኪዩሹ ትባላለች። እኛም በኪዩሹ ወደምትገኘው ወደ ኩማሞቶ ከተማ ሄድን። የሄድነው የታወቀውን የኩማሞቶ ግንብ ለማየት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግንቡን ያሠራው ካቶ ኪዮማሳ የሚባል የጦር አለቃ ነው። ሥራው ያለቀው በ1607 ነው። መሠረቱ ትልቅ የድንጋይ ካብ ነው። ጭቃም ኖራም የለበትም። ድንጋይ ድንጋይን ደግፎ ይቆማል። ካቡ ከሥሩ ጋደል ያለ ስለሆነ ለመውጣት ቀላል ይመስላል። ወደ ላይ ሲሄድ ግን ቀጥ ይላል። ጠላት ግማሽ መንገድ ወጥቶ መጨበጫ ያጣል።

ኪዮማሳ ከዚያ በፊት በኮሪያ አገር ሲዋጋ ምሽግ ውስጥ ተከቦ ውሃ ጥም አይቷል። ስለዚህ በግንቡ ግቢ 120 የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ ይባላል።

በ1877 እሳት ተነሥቶ ዋናውን ሕንፃ በላው። በዚያው ሰሞን በመንግሥት ላይ የተነሣው የሳይጎ ታካሞሪ ጦር ግቢውን ከ50 ቀን በላይ ከበበ። ውስጥ ያሉት የመንግሥት ወታደሮች ግን አልተበገሩም። ካቡም ጠላትን መለሰ። ከዚያ በኋላ የሕንፃው ቦታ ከ80 ዓመት በላይ ባዶውን ቆየ። በ1960 የድሮው ፎቶግራፍ እየታየ በብረትና በሲሚንቶ እንደገና ተሠራ።

በኤፕሪል 2016 ምድር በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በኃይል ተንቀጠቀጠች። ሁለቱም በሌሊት ነው። ሰው ሞተ፤ ቤት ፈረሰ። የግንቡም ካብ ተናደ። አንዱ ማማ ሥሩ ተንዶ በማዕዘን ድንጋዮች ብቻ ተደግፎ ቆመ። ከካቡ ከመቶ 30 እጅ ያህሉ እንደገና መካብ አስፈለገው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰዎቹ የወደቀውን ድንጋይ እንዳገኙ አልካቡትም። እያንዳንዱን ድንጋይ ፎቶግራፍ አነሡ። ቁጥር ሰጡት። ሜዳ ላይ በተራ አስቀመጡት። ከዚያ ከድሮው ፎቶግራፍ ጋር እያመሳከሩ፣ «ይህ ድንጋይ የት ነበር?» ብለው ይፈልጋሉ። ድንጋዩም ወደ ገዛ ቦታው ይመለሳል።

ዋናው ሕንፃ ተጠግኖ በ2021 ለሕዝብ ተከፈተ። እኛም እስከ ላይኛው ፎቅ ወጣን። ከተማው ከእግራችን ሥር ታየን። ዓይናችንን የያዘው ግን ታች ያለው ካብ ነው። ገና አላለቀም። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በ2052 እንዲሆን ታቅዷል። ዛሬ ቁጥር ከሚጽፉት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ፍጻሜውን ላያዩት ይችላሉ። ቁጥሩ ግን ይቆያል። ተከታዩ ሰው አንብቦ ይቀጥላል።

ካብ የካበ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል። በቃል ብቻ የተያዘ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። የተጻፈ ግን ለሚመጣው ይቀራል። የወደቀውን ወደ ቦታው ለመመለስ ክንድ ያስፈልጋል፤ ማንበብና መጻፍም ያስፈልጋል።