ያረጀና የተጣለ

አዲስ መኪና ይዞ ሆን ብሎ ማስረጀት ዕብደት ነው የምትሉ አትጠፉም። ቤተሰቦቻችንም ያሉት ይህንኑ ነው። ደግነቱ መኪናዋ ከእስክሪብቶ ትንሽ የምትረዝም፣ መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ሞዴል ናት። አባቶቻችን «ኤንትሬ» የሚሏት የፊያት የጭነት መኪና! ከውጭ የመጣ ዘመድ ለአንዳችን ያመጣት ስጦታ ስትሆን፣ ቀለሟ ከማብረቅረቁ የተነሳ እንደ መስታወት ፊት ታሳያለች። ችግሩም እሱ ነው። ኤንትሬን እንዲህ ሆና ያያት ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? እኛ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን ልጆች የምናውቃት ዳገት ላይ እያቃሰተች፣ ጭስ እየተፋች፣ ከኋላዋ የመኪና ሰልፍ አስከትላ ነው።

ስለዚህ ልናስረጃት ወሰንን። «እኛ» የምንለው ሦስት ሴቶች ነን። ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን፣ አንድ ቤት በጋራ ተከራይተን የምንኖር፣ ቅዳሜን ደግሞ በዚህ ዓይነት ቁም ነገር የምናባክን።

ሞዴል ማስረጀት በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ታንክ፣ ባቡር፣ መኪና አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ከመገጣጠሙ ይልቅ የሚኮሩት በማስረጀቱ ነው። ከዘዴዎቻቸው ሁሉ ልባችንን የወሰደው በጨው የሚሠራው ነው። መጀመሪያ መኪናው ዝገት የሚመስል ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ ቫርኒሽ ይነፋበታል። ከዚያ ዝገት እንዲታይ የተፈለገበት ቦታ ብቻ በውሃ ይረጥብና ጨው ይነሰነስበታል። ጨው ደርቆ ሲጣበቅ ዋናው ቀለም ከላይ ይነፋል። በመጨረሻ በረጠበ የጥርስ ብሩሽ ሲታሽ፣ ጨው የላዩን ቀለም ይዞ ይነሳል፤ ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ቅርጹ ያልታሰበ፣ የሰው እጅ ቀብቶ የማያመጣው ዓይነት።

ከባዱ ነገር ልኬቱ ነው። የእኛዋ 1 ለ43 ናት። 1 ሜትር የነበረው ወደ 2.3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ብሩሽ ሾልኮን የ1 ሚሊ ሜትር ነጥብ ብናሳርፍ፣ በእውነተኛው መኪና ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁስል ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል የአሸዋ ቅንጣት ጎማ ሥር ብትገባ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነች ጠጠር ትሆናለች። ከመንገድ ላይ አቧራ አፍሶ መበተን የማያዋጣው ለዚህ ነው። የሞዴል አቧራ የሚሠራው የተፈጨ ባለ ቀለም ጠመኔ በስስ ጨርቅ ተነፍቶ ነው። ጥላሸቱ ደግሞ ከደቀቀ ከሰል።

ይህን ሁሉ አጥንተን ብሩሽ ከማንሳታችን በፊት አንድ ጥያቄ አስቆመን። የት የኖረች ኤንትሬ?

መኪና እንደ ሰው የኖረበት አገር ፊቱ ላይ ይጻፋል። ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ጨው ካገኘ ደግሞ ይፈጥናል። የአዲስ አበባ ክረምት በር ከሥሩ ያበሰብሳል፣ ጭቃ መከላከያው ሥር እየተጠራቀመ ብረቱን ይበላዋል። ደረቅ ቆላ ላይ ግን ብረት ቶሎ አይዝግም። ቀድሞ የሚሞተው ቀለሙ ነው። የፀሐይ ጨረር ቀለሙን አንድ ላይ የያዘውን ማጣበቂያ ይሰባብረዋል፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ጣት ሲያርፍበት እንደ ጠመኔ ይቦናል። ጎማውም ይሰነጣጠቃል። እኛ የራሳችንን ኤንትሬ የአፋር መንገድ ልጅ ልናደርጋት ስለፈለግን፣ ለሥራ ወደዚያ ስንሄድ በሶፍት ጠቅልለን፣ በጫማ ካርቶን አድርገን ይዘናት ወጣን።

መጀመሪያ ያስተማረን አዋሽ ከተማ ላይ ያየነው ሐዲድ ነው። የፈረንሳዮቹ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በዚህ ነው፤ ከተማዋም የበቀለችው በጣቢያው ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዋሽ በኩል ያልፋል። ሁለቱን ሐዲዶች ለመለየት ታሪክ ማንበብ አያስፈልግም። ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ጎኑ ቢዝግም አናቱ እንደ ቢላ ያብለጨልጫል፤ መንኮራኩር ሲወለውለው ይውላላ! ባቡር ያጣው ግን ከአናት እስከ እግሩ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው።

ሁለተኛው መምህራችን ከሰመራ አጠገብ ሎጊያ፣ የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ቤት ያገኘናቸው አንድ ሽበታም ሹፌር ናቸው። ሥራ የጀመሩት ኤንትሬ ላይ ረዳት ሆነው ነው። ሞዴሏን ሲያዩ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ አገላበጧት።

«ምን ልታደርጓት ነው?»

«ልናስረጃት ነው፣ ጋሼ።»

«ያረጀች ነው የምትፈልጉት፣ የተጣለች?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«ኧረ የሰማይና የምድር! ያረጀች ሠራተኛ ናት። ቀለሟ ቢሄድም የፊት መስታወቷ የተጠረገ ነው፤ ሹፌር ሳያይ አይነዳማ። በሹፌሩ በኩል፣ መስኮቱ ላይ፣ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ቀለም የለም። እጀታው፣ መወጣጫው፣ እጅና እግር የሚነካው ሁሉ ብረቱ ያበራል። የነዳጅ ታንከሩ አፍ ሥር ናፍጣ የፈሰሰበት ይጠቁራል። ጎማዎቿ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የተላጨ። የተጣለች ከሆነች ግን አቧራው መስታወቱም በሩም ላይ እኩል ነው። ደግሞ እኛ አገር የተጣለች መኪና ጎማ የላትም፣ ልጆቼ። ድንጋይ ላይ ነው የምትቆመው።»

እውነታቸውን ነው። በውጭ አገር ሰዎች ሞዴል ላይ የምናየው የተጣለ መኪና ወለሉን ሣር ሰንጥቆት ይወጣል፣ ዕቃው ግን በአብዛኛው ቦታው ላይ ነው። እኛ ጋ መብራቱና ባትሪው ጎረቤት መኪና ላይ ይገጠማል፣ ሌላው ዕቃ ሶማሌ ተራ ይደርሳል፣ ቁርጥራጭ ብረቱ ምናለሽ ተራ ይገባል። ድንጋይ ላይ የቆመ መኪና ሰው እየመጣ ከላዩ ላይ እየወሰደ የሄደበት ነው። እንዲያ ያደረገው ዕድሜው ብቻ አይደለም።

ከሰመራ ወደ አይሳኢታ ታጥፈን አፋምቦ ስንደርስ ይህ ሐሳብ ከመኪናም አለፈ። አፋር ሲባል አብዛኛው የከተማ ልጅ ዓይነ ኅሊና ላይ የሚመጣው ደረቅ መሬትና አቧራ ነው። አፋምቦ ግን አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ ሊያልቅ የተቃረበበት ምድር ነው። ውሃው ገማሪና አፋምቦ ሐይቆች ያሉበትን አካባቢ ይዞ ወደ አቤ ሐይቅ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይወርዳል። ሙቀቱ ሙቀት ነው፣ አይካድም። ውሃ ባለበት ግን ሸምበቆ፣ ዘንባባና ከብት አለ።

እዚያ ልጆች ከዘይት ቆርቆሮ በሠሩት መኪና ሲጫወቱ አገኘናቸው። አክስሉ ሽቦ፣ ጎማው ከነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ። ባለቤቱ ልጅ ቆርቆሮውን በአሸዋ እየፈተገ ነበር፤ ዝገቱ እንዲለቅ፣ አዲስ እንዲመስል። የእኛን ሞዴል አሳየነው። ልናስረጃት እንደሆነ አብሮን የነበረው የአካባቢው ወጣት በአፋርኛ ሲነግረው፣ ልጁ አንዴ እኛን አንዴ መኪናዋን አየና አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?»

«አዲስ እያላችሁ ለምን? እኔ ስፈትግ ነው የዋልኩት ነው የሚለው።»

የሚሰጠው መልስ አልነበረንም። ማስረጀት መዝናኛ የሚሆነው አዲስ ነገር ላለው ሰው ነው።

ይህ ነገር ሙያችንን ስለሚነካ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ስለ አፋር የሚጻፈውን ብዙ ነገር ብትመለከቱ አንድ ዓይነት ብሩሽ ያለፈበት ነው። «በረሃ»፣ «ጠረፍ»፣ በመንግሥት ቋንቋ ደግሞ «ታዳጊ ክልል»። መስታወቱም በሩም ላይ እኩል የተነሰነሰ አቧራ! የተጠረገውን መስታወት፣ ክንድ የበላውን ቀለም፣ የሚያበራውን ሐዲድ ማን ያሳየን? እንዲህ ሲሆን እየሠራ ያረጀውና በሰው ውሳኔ የተጣለው ይቀላቀሉብናል፤ ሁለቱንም «ጊዜ ያመጣው» ብለን እናልፋለን።

የአሰብን መንገድ ውሰዱ። በዚሁ በአፋር ምድር በቡሬ በኩል ወደ ወደቡ ይወርድ የነበረው የጭነት መኪና ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። መንገዱን ጭር ያደረገው ፀሐይ አይደለም፣ ዝናብም አይደለም። ሰዎች የወሰኑት ነገር ነው። ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ይተባበራል፤ «ችላ የተባለ አካባቢ» ስንል ችላ ያለው ማን እንደሆነ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ጋዜጠኛ ሥራው ያንን ሾልኮ የወጣ ባለቤት ፈልጎ መመለስ ነው፤ ካልሆነ አቧራ ነስናሽ ነው።

ኤንትሬያችንን ያረጀች አደረግናት እንጂ የተጣለች አላደረግናትም። ዝገቱ ውሃ በሚቋጥርባቸው መጋጠሚያዎች ላይ ብቻ ነው፤ የነሰነስነውም የአፍዴራ ጨው ነው። ጣሪያዋ ከጎኗ ይልቅ ነጥቷል፤ ፀሐይ የሚያገኘው እሱን ነዋ። በሹፌሩ በኩል ያለው መስኮት ክንድ የሚያርፍበት ተልጧል። የመስታወት መጥረጊያው የሚደርስበት ግማሽ ክብ ንጹሕ ነው።

እናንተም ሰፈር ድንጋይ ላይ የቆመች መኪና አትጠፋም። ላዳ ትሁን ቮልስ፣ ሥሯ ውሻ የተኛባት። ነገ በዚያ ስታልፉ ቆም በሉና ጎማዋን ማን እንደወሰደው የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።