ቢጫ አበባ ሁሉ አደይ ይመስላችኋል?

እኛ አገር ቢጫ አበባ ከታየ አለቀ፤ «አደይ!» ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ስትሄዱ በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ሥር ከሰው ቁመት በላይ ተመንድጎ የሚያብበውንም ጎረምሳው ሁሉ «አደይ» እያለ ይቀጥፈዋል። አንዱ ጓደኛዬማ በኅዳር እቅፍ ሙሉ ይዞ ፍቅረኛው ዘንድ ሄደላችሁ! ልጅቷ የጎጃም ልጅ ናት። «አደይ በመስከረም ነው። ደግሞ አደይ ከመቼ ወዲህ ነው እንጨት ያወጣው?» አለችው። እውነቷን ነው። አደይ ክረምት ሲወጣ ሜዳውን አልብሶ የሚሄድ ሣር መሃል የሚበቅል አበባ ነው። ይኼኛው ግን ግንድ አውጥቶ ዓመት ከዓመት የሚቆም ቁጥቋጦ ነው።

ስሙ የሜክሲኮ ሱፍ ይባላል፤ የተክል አዋቂዎች ቲቶኒያ ይሉታል። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የተከራየሁበት ግቢ አጥር ወድቆ ስለነበር እኔም ከመንገድ ዳር ቆርጬ ተክዬዋለሁ። አተካከሉ ሞኝ አያስቸግርም። የጠነከረውን እንጨት ክንድ በሚያህል ትቆርጡና ሁለት ሦስት አንጓው አፈር እንዲገባ አድርጋችሁ በዝናብ መጀመሪያ ትሰኩታላችሁ። የቀረውን የዚህ አገር ዝናብ ይጨርሰዋል።

መለያውን ልንገራችሁ። ቅጠሉ እንደ መዳፍ ከ3 እስከ 5 ጣት አለው። አበባው የተቀመጠበት አንገት ወደ ላይ ሲሄድ ወፈር ይላል፣ ብትቆርጡት ውስጡ ክፍት ነው። የፈረንጅ ሱፍ አንዴ አፍርቶ ይደርቃል፣ ኑግም እንደዚያው። ሁሉም ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንድ አበባ ብላችሁ የያዛችሁትን ፈልቅቃችሁ ብታዩት የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ዳር ዳሩን የተዘረጋው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል እንኳን ራሱን የቻለ አንድ አበባ ነው!

የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጣጣውም የመጣው በዚህ በኩል ነው።

አምና አንድ ግቢ የምንኖር ልብስ ሰፊ ልጅ ትኩሳት ያዛት። አክስቷ ከገጠር መጡና ከእኔ አጥር ቅጠል እየሸመጠጡ፣ እያፈሉ ያጠጧት ጀመር። እኔ ከቴፒ ስመለስ ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ግራዋ አይደለም» አልኳቸው።

«ይመራል አይደል? ግራዋ ነው!»

«የግራዋ አበባ ነጭ ነው። ቅጠሉም ጣት የለውም።»

«አንተ ደግሞ ለእኔ ቅጠል ልታስተምር!»

ልጅቷ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ መቀባዠር ስትጀምር ክርክሩ ቆመ። ተሸክመናት ጤና ጣቢያ ሄድን። ደሟ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ወባ ነው፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተላከች። ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እነዚያ ሦስት ቀናት ሊበሏት ነበር።

እውነተኛው ግራዋ ቢሆንስ ኖሮ? ያው ነበር። ክፉው ወባ ቅጠል እስኪፈላ አይጠብቅም። የሜክሲኮው ሱፍማ ጭራሽ ሌላ ጣጣ አለው፤ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ጉበትና ኩላሊት ሲጎዳ ታይቷል።

«ፈረንጁስ መድኃኒቱን ከቅጠል አይደል የሚያወጣው?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ያውም ከዚሁ ቤተሰብ! አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለክፉው ወባ የምትሰጠው ኮአርተም መነሻው የእኛው አሪቲ ዘመድ የሆነ ቢጫ አበባ ያለው የቻይና ተክል ነው። ፈልፍላ ያወጣችው ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። ነገር ግን እሷ ቅጠል አፍልታ አይደለም የተሸለመችው፤ ፍቱን የሆነውን ነገር ለይታ አውጥታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የዚያኑ የቻይና ተክል ሻይ ለወባ አትጠጡ ብሏል። ስለዚህ የሚዛንና የቴፒ ልጆች፣ ትኩሳት ሲይዛችሁ ዕለቱኑ ደማችሁን አስመርመሩ።

አጥሬን ነቅለህ ጣል ያሉኝ አሉ። አልነቅለውም። ቅጠሉ ለመሬት ሲሳይ ነው። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ሲለካ የደረቀው ቅጠል 3.5 በመቶ ያህል ናይትሮጅን፣ 4 በመቶ ያህል ፖታሽየም ተገኝቶበታል። ማዳበሪያ በተወደደበት ጊዜ ይሄ ቀላል ነው እንዴ? ለጋውን እየቆረጥኩ ቡና ችግኞቼ ሥር አነጥፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በሉ፤ ዘሩ ሳይበስል ካልከረከማችሁት የጎረቤትን ማሳ ይወራል፣ የጣላችሁት እንጨትም እርጥብ መሬት ካገኘ ይበቅላል።

ልጅቷ ድና ወደ መኪናዋ ተመልሳለች። አክስቷም አልፎ አልፎ ይመጣሉ፣ እንጨዋወታለን። አጥሩን ግን ዛሬም «የልጁ ግራዋ» ነው የሚሉት።